ሜግሬ እድገቱን ለምን ተቀበለ? የአንባቢያን ጥያቄና የእኔ መልስ

ባለፈው እትም አንድ መጽሐፍ አብረን እናንብብ ብዬ ነበር። የዦርዥ ሲምኖን «የሜግሬ የመጀመሪያ ምርመራ» ነው። ቤልጅጋዊው ደራሲ በፈረንሳይኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተመው፣ በእንግሊዝኛም የሚገኝ፣ ሁለት ሦስት ማታ የሚበቃው ልቦለድ ነው። ደብዳቤያችሁ ከጠበቅሁት በላይ ብዙ ሆነ። ግማሹ ያመሰግናል፣ ግማሹ ይቆጣል። የተቆጡትን አብዝቼ መርጫለሁ። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ተቆጥቼ ነበርና።

ላላነበባችሁ ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ጊዜው ኤፕሪል 1913፣ ቦታው ፓሪስ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1905 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በብዙ የሲምኖን መጻሕፍት መርማሪ ሆኖ የምናገኘው ዡል ሜግሬ እዚህ ገና 26 ዓመቱ ነው። ካገባ ገና አምስት ወሩ። በሴንት ዦርዥ ሰፈር ፖሊስ ጣቢያ የአዛዡ ጸሐፊ ነው። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ሳለ አንድ ሙዚቀኛ ይመጣል። ፍሉት ነፊ ነው፣ ስሙ ዡስታን ሚናር። ከሥራ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሻፕታል በሚባለው መንገድ ላይ ከአንድ ትልቅ ቤት መስኮት ሴት «ድረሱልኝ!» ስትል ሰምቷል። ተኩስም ሰምቷል። በሩን ቢያንኳኳ መትተው አባረሩት። ቤቱ በባልታዛር ቡና የከበረ ቤተሰብ ቤት ነው። የጣቢያው አዛዥ ለ ብሬ ደግሞ የዚያ ቤተሰብ ወዳጅ ነው። ቋጠሮው እዚህ ላይ ነው።

ማን እንደተኮሰ አልጽፍም። ገና ያልጨረሳችሁ አላችሁ።

*

ጥያቄ፦ «እኔ 22 ዓመቴ ነው። የወንጀል ልቦለድ እወዳለሁ። ይሄኛው ግን አሰለቸኝ። ሰውዬው ቤቱ ፊት ለፊት ያለ መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠጣል። ከዚያም ይጠጣል። ምርመራው የታለ?» — ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁጭ ማለቱ ነው ምርመራው።

እስቲ ያንን መጠጥ ቤት ተመልሰህ እየው። ጠባብ ነው። ባለቤቱ የኖርማንዲ ሰው ነው፣ የአገሩን የፖም አረቄ ካልቫዶስ ይቀዳል። ሜግሬ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጥና ማዶ ያለውን በር ያያል። ማን ገባ? ማን ወጣ? የትኛው መጋረጃ ተከፈተ? የቤቱ ሠራተኞች መቼ ብቅ አሉ? ወጣቱ ፖሊስ ሥልጣን የለውም፣ የፍተሻ ፈቃድ የለውም፣ ረዳት እንኳ የለውም። ያለው ዓይኑ ነው።

ለእኔ የሲምኖን ትልቁ ችሎታ እዚህ ላይ ነው። ሌሎች ደራሲዎች የሲጋራ አመድ ለቅመው፣ ሰዓት አመሳክረው ገዳዩን ይይዛሉ። ሜግሬ ሰዎቹ በሚኖሩበት አየር ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የሚጠጡትን ይጠጣል። ቤቱን እንደ ጎረቤት እስኪያውቀው ይጠብቃል። መንደራችን ውስጥ ሱቅ በረንዳ ላይ ቁጭ የሚሉ ሽማግሌዎች የሰፈሩን ጉዳይ ሁሉ የሚያውቁት በምን ይመስልሃል? ሲሮጡ አይደለም።

አንድ ነገር ልለምንህ። አራተኛውን ምዕራፍ ከመጀመርህ በፊት ሁለት ቀን አሳርፈው። ከዚያ በጠዋት አንብበው። ካልጣመህ ግን አላስገድድህም፣ ጻፍልኝና ሌላ እጠቁምሃለሁ።

*

ጥያቄ፦ «ፍሉት ነፊው መኪና አየሁ ሲል ሁሉም ጆሮውን ያቆማል። መኪና ማየት ምን ያስገርማል? ፓሪስ አይደለም እንዴ?» — ከባሕር ዳር

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1913 መኪና በፓሪስ መንገድ ላይ እንግዳ ነገር አልነበረም፣ ግን የሀብታም ዕቃ ነበር። በሌሊት ከአንድ ቤት በር ተነሥቶ የሚበር መኪና «ባለ ገንዘብ እዚህ ነበር» ብሎ የሚናገር ምስክር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ታሪኩ ከሚጀምርበት ሌሊት አንድ ዓመት ከምናምን ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 1911፣ የቦኖ ቡድን የሚባሉት ወንበዴዎች ኦርድነር በተባለ መንገድ ላይ የባንክ ገንዘብ ተላላኪ ዘርፈው በመኪና አመለጡ። በመኪና እየሸሹ መዝረፍ ያኔ አዲስ ነገር ነበር። ፖሊስ በብስክሌትና በፈረስ ነው የሚሄደው። ከተማዋ ለወራት ፈርታ ኖረች። ቦኖ ራሱ የተገደለው በኤፕሪል 1912 ነው። የዚያ ዘመን የፓሪስ ሰው «ሌሊት፣ ተኩስ፣ መኪና» የሚሉትን ሦስት ቃላት አንድ ላይ ሲሰማ ምን ትዝ እንደሚለው አስቢው።

*

ጥያቄ፦ «በፖሊስነት 31 ዓመት አገልግዬ በሻምበልነት ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ደራሲው የፖሊስ ሥራ አያውቅም። አንድ አዛዥ ለበታቹ ፈቃድ ሰጥቶ ‹በፈቃድህ ጊዜ በምስጢር አጣራ› አይልም። ተረኛ የሆነ ሰውም ጣቢያ ትቶ አመልካቹን አስከትሎ ብቻውን ሰው ቤት በሌሊት አይገባም። ይህን የመሰለ መጽሐፍ ለወጣት ፖሊሶች አታስነብቢ።» — ከሐዋሳ

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ተረኛው ያሉትን አልከራከርም። እርስዎ ያውቁታል። ሜግሬም ያን ሌሊት ከመውጣቱ በፊት ያመነታል።

ደራሲው ግን የፖሊስ ሥራ አያውቅም ለማለት ይከብደኛል። ሲምኖን በጃንዋሪ 1919 ገና 16 ዓመት ሳይሞላው በትውልድ ከተማው በሊዬዥ «ጋዜት ደ ሊዬዥ» ለተባለ ጋዜጣ ሪፖርተር ሆኖ ተቀጠረ። በየቀኑ ፖሊስ ጣቢያ እየሄደ ወሬ ይለቅም ነበር። የጣቢያ ወንበር፣ የጣቢያ ሽታ፣ ሲነጋ የተረኛ ፊት ምን እንደሚመስል ያኔ ነው ያየው። በኋላ የመጀመሪያዎቹ የሜግሬ መጻሕፍት ሲወጡ ስሕተት ነበረባቸው። ያኔ የፓሪስ የወንጀል ምርመራ ኃላፊ የነበረው ግዛቪዬ ጊሻር ደራሲውን ጠርቶ መሥሪያ ቤቱን አስጎበኘው። ሲምኖን ራሱ ደጋግሞ የተረከው ነገር ነው። ጊሻር በእውን የነበረ ሰው ነው። በእኛ መጽሐፍ ውስጥም በስሙ ይገኛል። ለክብሩ ያስገባው ይመስለኛል።

ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ሲጽፍ ደንቡን ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ደንቡ የተጣሰው ሆን ተብሎ ነው። የጣሰውም ለ ብሬ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ በኃላፊነት ስለሠሩ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ በፈቃድ ላይ ያለ ሰው የሠራው ሁሉ የራሱ ነው። ከተሳካ አዛዡ «የእኔ ልጅ» ይላል። ካልተሳካ «ፈቃድ ላይ ነበር» ይላል። ለ ብሬ ክፉ ሰው አይደለም። ጨዋ ነው፣ ለባሽ ነው፣ ለወጣቱም ያዝናል። ግን ወዳጆቹን ከፍቶ ማስመርመር አይፈልግም፣ አቤቱታውን ቀዶ መጣልም አይፈልግም። መሐል መንገድ አገኘ። ወጣቱን ብቻውን መሐል መንገዱ ላይ አቆመው።

እኔ ይህን ክፍል ለወጣት ፖሊሶች ባስነብብ ደስ ይለኛል። «እንዲህ አድርጉ» ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲመጣላቸው እንዲያውቁት ነው።

*

ጥያቄ፦ «የሕግ ተማሪ ነኝ፣ ሦስተኛ ዓመት። መጽሐፉን የጨረስኩት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ስጨርስ በጣም ተናደድኩ። ሜግሬ እውነቱን ያውቃል። ትልልቆቹ ተመካክረው ነገሩን አለሳልሰው ዘጉት። እሱን ደግሞ በእድገት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት አዛወሩት። እሱም ሄደ! ይሄ ጉቦ አይደለም? አንቺ ይህን ሰው እንዴት ትወጂዋለሽ?» — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ ያስጨነቀኝ ያንቺ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ።

መጀመሪያ ያልሽው ልክ ነው። እድገቱ የመጣው ከዝምታው ጋር አብሮ ነው። ሲምኖንም አልደበቀውም። መጨረሻው ላይ ደስታ እንደሌለ አስተውለሻል? ወጣቱ ከልጅነቱ የተመኘውን ቦታ አገኘ። ኬ ዴዞርፌቭር፣ ሴን ወንዝ ዳር ያለው ዋናው የፖሊስ መሥሪያ ቤት። የፓሪስ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ እዚያው ነበሩ። ጊዜውም የለውጥ ጊዜ ነበር። በዚያው ዓመት፣ በኦገስት 1 ቀን 1913፣ የፓሪስ ፖሊስ አዛዥ ሴልስታን ኤንዮን የወንጀል ምርመራውን ክፍል ራሱን አስችሎ አቋቋመው። እንዲህ ያለ ቤት ሊገባ ነው። ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ሲነግራት ግን እልል አላለም።

ለምን ተቀበለ? የእኔን መልስ ለመናገር ስለ አባቴ ማውራት አለብኝ።

አባቴ ፖሊስ ነበር። በሃምሳ አለቅነት ጡረታ ወጣ። ልጅ እያለሁ ብዙ የሥራ ታሪክ ያጫውተን ነበር። ሌባ ያባረረበትን፣ ዝናብ ውስጥ ያደረበትን። አንዱን ታሪክ ግን የነገረኝ ከጡረታ በኋላ ነው፣ ይህን መጽሐፍ ሳነብለት።

ነገሩ በ1950ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ነው። አባቴ 24 ዓመቱ፣ ተረኛ ሆኖ ጣቢያ አድሯል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ የዳቦ ቤት ሠራተኛ መጣ። ልጅ ነው። እጁ እስከ ክርኑ ዱቄት ነው። ዳቦ ቤቱ አጠገብ ካለው ትልቅ ግቢ ሴት ስትጮኽ ሰማሁ አለ። አባቴ ተነሥቶ አብሮት ሄደ። ዘበኛው ብዙ አስጠብቆ ከፈተ። የቤቱ ጌታ ከሌሊት ልብሱ ላይ ካፖርት ደርቦ እስከ በረንዳው ወጣ። አልተቆጣም። በትሕትና ነው ያናገረው። «ሠራተኛችን ናት፣ ቅዠት ይዟት ነው። ብርድ ነው፣ ሻይ ጠጥተህ ሂድ» አለው።

አባቴ መለዮውን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር። መቼ እንዳወለቀው አያውቅም። «እጄ ሳላዘው አወለቀ» አለኝ። ያደገው ባላባት ግቢ አጠገብ ነው። አባቱ፣ ማለት አያቴ፣ እዚያ ግቢ ሲገባ ባርኔጣውን የሚያወልቅ ሰው ነበር።

ሻዩን ጠጣ። ሴትየዋን አሳዩኝ አላለም። ጣቢያ ተመልሶ የዕለት ሁኔታ መዝገቡ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «በቦታው ተገኝቼ ሰላም መሆኑ ተረጋግጧል።»

አባቴን ዕድሜውን ሙሉ የበላው ያ የመጨረሻው ቃል ነው። «አልተረጋገጠም ነበር። ተነግሮኝ ነው» አለኝ። ከዚያም የዳቦ ቤቱን ልጅ አነሣ። እሱ ሻይ ሲጠጣ ልጁ ከበሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ሲመለሱ መንገድ ላይ አንድም ቃል አልተነጋገሩም።

አሁን ወደ ሜግሬ ልመልስሽ። ሜግሬም የአባቱ ልጅ ነው። አባቱ ሴንት ፊያክር በሚባል አገር የአንድ መኳንንት ርስት አስተዳዳሪ ነበር። ሜግሬ ያደገው ትልቅ ቤት ከውጭ ሲያይ ነው። ያን ሌሊት ሻፕታል መንገድ ላይ ሲገባ ሁለት ነገር ይታገለዋል። ፖሊስነቱ «ጠይቅ» ይለዋል። አስተዳደጉ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ልሂድ» ይለዋል። ጠየቀ። ፎቅ ወጥቶ ክፍል አየ። ያሳዩት ሊያሳዩት የፈለጉትን ነው። ግን ጠየቀ። አባቴ እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ «አቁሚ» ብሎ አስቆመኝና የዳቦ ቤቱን ልጅ ታሪክ ነገረኝ።

እና እድገቱ? እኔ የማምነው ይህን ነው። ሜግሬ በመጨረሻው ምዕራፍ አጥፍቷል። ደራሲውም ያውቃል። እውነቱን ያገኘው እሱ ነው። ብቻውን ቆሞ፣ ተደብድቦ፣ አልጋ ላይ ወድቆ ነው ያገኘው። ሲያገኘው ግን እውነቱ የእሱ አልነበረም። ከላይ ያሉት ወሰዱት። «እምቢ፣ ጸሐፊ ሆኜ እቀራለሁ» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ያን ሥራ ከልቡ ይፈልገው ነበር። ገንዘቡን አይደለም፣ ሥራውን። ሰው ከልቡ የሚወደውን ነገር በተሳሳተ እጅ ሲሰጡት ምን ያደርጋል? ይሄ ነው የመጽሐፉ ጥያቄ። አንቺ የሕግ ተማሪ ነሽ። ነገ ዐቃቤ ሕግ ልትሆኚ ትችያለሽ። እንዲህ ያለ ቀን ይመጣብሻል።

እኔ የምወደው ንጹሕ ስለሆነ አይደለም። ስላልረሳው ነው። ከዚህ ሌላ በብዙዎቹ የሜግሬ ታሪኮች ውስጥ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ዋና መርማሪ ሆኖ፣ አሁንም ባለጸጋ ቤት ሲገባ ሰውነቱ ይከብደዋል። ሳሎኑ ይጠበዋል። ወጥ ቤት ገብቶ ከሠራተኞቹ ጋር ማውራት ይቀናዋል። አሁን እነዚያን መጻሕፍት ሳነብ ያንን የ1913 ሌሊት አያለሁ።

ቁጣሽን ግን አታብርጂው። ልክ ነው።

*

ጥያቄ፦ «በድሬዳዋ ፈረንሳይኛ አስተምር ነበር። መጽሐፉን በፈረንሳይኛ አለኝ። ሜግሬ በወጣትነቱ ሊሆን ስለተመኘው ነገር የሚናገርበት ቦታ አለ። የሰዎችን ዕጣ ፈንታ የሚጠግን ሰው ይለዋል። አንቺ በአማርኛ ምን ትይዋለሽ? ‹ጠጋኝ› ልብስ ልብስ አለኝ። ደግሞስ ያ ሁሉ የቤተሰቡ የቡና ታሪክ ለምን አስፈለገ?» — ከድሬዳዋ

መልስ፦ እትዬ፣ ይህን ቃል ይዤ ስንት ጊዜ ተኝቻለሁ መሰለዎት!

ሐሳቡን ለሌሎቹ ልንገር። ሜግሬ ሕክምና ጀምሮ ነበር። አባቱ ሲሞት አቋረጠ። ያኔም ቢሆን የሚፈልገው የተለመደውን ሐኪምነት አልነበረም። እንደ ሐኪምም እንደ ነፍስ አባትም የሆነ፣ ሰውን አይቶ «አንተ ቦታህን ስተሃል፣ ቦታህ እዚያ ነበር» የሚል ሰው በሐሳቡ ይሥል ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ስለሌለ ፖሊስ ሆነ። ለእኔ የሜግሬ መጻሕፍት ሁሉ ቁልፍ እዚህች ገጽ ላይ ነው።

ፈረንሳይኛው ቃል የተቀደደ ልብስ ወይም የተሰበረ ሸክላ ለሚያድስ ሰው የሚባል ነው። ስለዚህ «ጠጋኝ» ስሕተት አይደለም። እንዳሉት ግን ልብስ ልብስ ይላል። ለአባቴ ሳነብ ድንገት ከአፌ የወጣው «የዕጣ ፈንታ ወጌሻ» ነው። ወጌሻ ቢላዋ አይዝም። በእጁ ይዳስሳል። አጥንቱ ከቦታው የወጣበትን በጣቱ ያገኘዋል። ያመዋል ብሎ አይተወውም። አሽቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሜግሬ ቁጭ ብሎ ሲመለከት፣ ሰው ሲያናግር፣ እኔ የማየው የወጌሻ ጣት ነው። እርስዎ ምን ይላሉ? የተሻለ ካለዎት ይጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው አወጣዋለሁ።

ስለ ቡናው ላነሡት ባጭሩ፦ የቤተሰቡ አያት፣ ሽማግሌው ባልታዛር፣ በሸክም የሚዞር ነጋዴ ሆኖ ነው የጀመረው። በቡና ከበረ። በመጨረሻም የትውልድ መንደሩን መኳንንት ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት ገዛው። ሲምኖን ይህን ሁሉ የነገረን ለጌጥ አይደለም። ያን ሌሊት የሆነው ነገር ሥሩ እዚያ ግዢ ላይ ነው። ሲጨርሱት ያገኙታል።

*

ጥያቄ፦ «እኔ በእንግሊዝኛ ነው ያነበብኩት፣ በጣም ወደድኩት። ሌሎቹን በተራ ቁጥራቸው ማንበብ አለብኝ? ስንት ናቸው?» — ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ 75 ልቦለዶችና 28 አጫጭር ታሪኮች ናቸው። ተራ ቁጥሩን እርሺው። የመጀመሪያዎቹ የሜግሬ ልቦለዶች የወጡት በ1931 ነው። እዚያ ሜግሬ ጎልማሳ፣ ከባድ ሰውነት ያለው ዋና መርማሪ ነው። ይህ «የመጀመሪያ ምርመራ» የወጣው በ1949 ነው። ሲምኖን ወደ ኋላ ተመልሶ ወጣት ያደረገው ከ18 ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው።

አንቺ ያለሽበት አገር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሲምኖን ይህን ሲጽፍ የሚኖረው አሜሪካ ነበር። ከ1945 እስከ 1955 በሰሜን አሜሪካ ነው የኖረው። ፓሪስን ከሩቅ ሆኖ ነው የጻፋት። መንገዶቹ፣ መጠጥ ቤቶቹ፣ የኤፕሪል ማለዳ፣ አዲስ ሙሽሮቹ የሚኖሩበት ሪሻር ለኗር ጎዳና፣ ሁሉም እንዲያ ብሩህ ሆነው የወጡት በናፍቆት ይመስለኛል። አንቺም ፒያሳን ወይም ሰፈርሽን ስታስቢ ከእኛ ይልቅ ጥርት ብሎ ይታይሽ ይሆናል። እኛ በየቀኑ ስለምናልፍበት አናየውም።

*

ጥያቄ፦ «አባትሽን እያነበብሽ እንደምታስደስቺ ባለፈው ጽፈሽ ነበር። እናቴ ዓይኗ ደክሟል። ፈረንጅ ስም ስለሚበዛ ትሰለቻለች ብዬ ፈራሁ። እንዴት ነው ያደረግሽው?» — ከጎንደር

መልስ፦ አትፍሪ። ጀምሪ።

እኔ ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት ነው የማነበው። ከዚያ አይበልጥም። መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ይዤ በአማርኛ እየተረጎምኩ እናገራለሁ። ቃል በቃል አይደለም። አንድ አንቀጽ በዓይኔ አነባለሁ፣ ከዚያ እንደ ወሬ እነግረዋለሁ። መንገድ ሲጠራ «ከዚህ እስከ አራት ኪሎ ያህል» እላለሁ፣ ርቀቱ እንዲገባው። ምግብ ሲነሣ አልዘልም። አባቴ ምን እንደበሉ ካልነገርኩት ይጠይቃል። ምዕራፍ ካለቀ በኋላ ወዲያው አልነሣም፣ ትንሽ እቀመጣለሁ። የእሱ ጨዋታ የሚመጣው ያኔ ነው። የዳቦ ቤቱን ልጅ ታሪክ 50 ዓመት ይዞት ኖሮ የነገረኝ እንዲህ ባለ ማታ ነው።

ስሞቹን ደግሞ እናትሽ ራሷ ትፍታቸው። አባቴ ሜግሬን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «ልጁ» እያለ ነው የጨረሰው። ለ ብሬ «ጌታው አዛዥ» ሆነ። የሜግሬ ሚስት «ሙሽራዋ»። ሚናርን መጀመሪያ «ባለ ፍሉቱ» ይለው ነበር። ከሦስተኛው ማታ በኋላ ግን «የዳቦ ቤቱ» ማለት ጀመረ፣ እኔም አላረምኩትም።